አዲስ ቤት ከመረከባችሁ በፊት እንዴት ታስፈትሻላችሁ?

“አዲስ ቤት ደግሞ ምኑ ይፈተሻል?” ይላል ሰው። ቀለሙ ገና ይሸታል፤ ሴራሚኩ ፊት ያሳያል፤ ግንበኛውም የሰፈር ልጅ ነው። ለመሐንዲስ የሚሰጠው ብር ለመጋረጃና ለሶፋ ቢውል ይሻላል የሚለው ብዙ ነው፤ ደብረ ማርቆስም ሂዱ ባሕር ዳር ያው ነው።

እኔ ግን ከአሮጌ ቤት ይልቅ አዲሱን እፈራለሁ። አሮጌው ክረምት አልፎበታል። የሚያፈሰው አፍስሷል፣ የሚሰነጠቀው ተሰንጥቋል፣ የሚሰምጠው ሰምጧል፤ ጉዱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል። የአዲሱ ጉድ ግን ልስንና ስቱኮ ስር ተደብቆ ሐምሌን ይጠብቃል። ሐምሌ ሲመጣ ደግሞ የመጨረሻው ክፍያ ተከፍሏል፤ የግንበኛውም ስልክ አይነሳም።

“ማዘጋጃ ቤት አይቶታል’ኮ” የሚሉም አሉ። አይቶታል፣ ግን ምኑን? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ ፎቅ የሌለውን ተራ መኖሪያ ቤት ያስቀመጠው በቀላሉ ምድብ ነበር። ቁጥጥሩም በዚያው ልክ የቀለለ ነው። ከማዘጋጃ ቤት የሚመጣው ባለሙያ በአብዛኛው የሚያየው ፕላኑን፣ ወሰኑን፣ ከመንገድ የተተወውን ርቀት ነው። የኮለኑን (የቋሚ ምሰሶውን) ስታፋ፣ ማለትም ዋናውን ብረት ዙሪያውን የሚያስረውን ቀጭን ብረት፣ ቆጥሮ፣ የአርማታውን ጥራት መርምሮ አይሄድም። ሥራውም አይደለም።

ሌላው ችግር የአሠራራችን ነው። እቃውን ባለቤቱ ይገዛል፣ እጁን (የጉልበት ሥራውን) በቁርጥ ይሰጣል። ግንበኛው ይመጣል ይሄዳል፤ ፌራዮው (ብረት አሳሪው) ይመጣል ይሄዳል፤ አናጺው፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ኤሌክትሪሺያኑ እንዲሁ። ቧንቧ ሠራተኛው ለቱቦው ማለፊያ ቢሙን (አግዳሚውን የአርማታ ተሸካሚ) ቢፈነቅለው የሚጠይቀው የለም። ባለቤቱ አዲስ አበባ ወይ አረብ አገር ወይ አሜሪካ ነው፤ ቤቱን የሚጠብቀው ወንድሙ ወይም ያክስቱ ልጅ ነው። እሱም “ወንድም ዓለም፣ ሥራው ቆንጆ ነው፣ አትስጋ” ብሎ ፎቶ ይልካል። ፎቶው የፊት ለፊቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቤቱን ለእናንተ ብሎ የሚያይ፣ ከሥራውም ከሽያጩም ምንም የማያገኝ አንድ ሰው ያስፈልጋል። እንዴት እንደሚደረግ እነሆ።

መጀመሪያ ጊዜውን ያዙ

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው ነገሩ። እያሠራችሁ ከሆነ ቤቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ። መሐንዲሱን ሦስት ጊዜ ጥሩት፦ የመሠረቱ ጉድጓድ ተቆፍሮ ድንጋይ ሳይገባ፣ ፌሮው (የአርማታው ብረት) ታስሮ አርማታው ሳይፈስ፣ የኤሌክትሪክና የውሃ መስመሩ ተዘርግቶ ልስን ሳይመታ። ከእነዚህ ሦስቱ በኋላ የሚታየው ነገር ሁሉ ግምት ነው።

ያለቀ ቤት የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ፍተሻው ከቀብድ በፊት ይሁን። ሻጩ “ሌላ ገዢ ዛሬ ከሰዓት ይመጣል” ካለ ይምጣ። ቀብድ ካስቸኮላችሁ ቢያንስ “በባለሙያ ተፈትሾ ከባድ ጉድለት ከተገኘ ቀብዱ ይመለሳል” የሚል ዓረፍተ ነገር ወረቀቱ ላይ አስገቡ። ይህን አላስገባም የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ከወር አንጻር ለፍተሻ የሚመረጠው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጭቃው ያስጠላል፣ ግን ሰማዩ በነጻ ይመረምርላችኋል። እኛ አገር ግን ቤት የሚያልቀው ክረምት እንዳይቀድመው በሚያዝያና በግንቦት እየተሮጠ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው የሚረከበው በደረቁ ነው። ያን ጊዜ ውሃውን እናንተ ታመጣላችሁ። እመለስበታለሁ።

ሰውየውን ፈልጉ

“የቤት ፍተሻ” የሚል ታፔላ የሰቀለ ቢሮ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ብትፈልጉ አታገኙም። የምትፈልጉት ሲቪል መሐንዲስ ነው፤ የሙያ ምዝገባ ያለው፣ ሳይት ላይ የሠራ። ባሕር ዳር ፖሊም (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም) ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የሚያስመርቋቸው ልጆች በየከተማው አሉ፤ በግል አማካሪ ቢሮ የሚሠሩም አሉ። ከመሐንዲሱ ሌላ ለግማሽ ቀን አንድ ኤሌክትሪሺያን ጨምሩ። መሐንዲሱ “ኤሌክትሪኩንም እኔ አያለሁ” ሊላችሁ ይችላል። ይሁን፣ ግን ማከፋፈያ ቦርዱን የሚከፍተው ኤሌክትሪሺያኑ ይሁን።

ሦስት ነገር ጠይቁት። ከግንበኛው ወይም ከሻጩ ጋር ዝምድና ወይም ሥራ አለህ ወይ? ኮርኒስ ውስጥ ትገባለህ ወይ? ሪፖርቱን በፎቶ አስደግፈህ፣ ፈርመህ ትሰጠኛለህ ወይ? ሁለተኛውን ሲሰማ ሱሪውን የሚያይ መሐንዲስ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ግንበኛው የሚጠቁማችሁን ሰው አትውሰዱ። ሰውየው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ግን የእናንተ አይደለም።

ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በቀን ይሁን በቁርጥ፣ ትራንስፖርቱ ማን ላይ እንደሆነ። ሻይ ጋብዞ “እስቲ አንዴ እየው” ማለት ፍተሻ አይደለም፤ በሻይ የመጣ ሰው በይሉኝታ “ጥሩ ነው” ብሎ ይሄዳል።

ወረቀትና ፎቶ ሰብስቡ

የግንባታ ፈቃዱን፣ የጸደቀውን ፕላን (የስትራክቸሩንና የኤሌክትሪኩን ጨምሮ)፣ ውሉን፣ የእቃ ደረሰኞችን በአንድ ፌስታል ያዙ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በግንባታው ወቅት የተነሱ ፎቶዎች ናቸው። ያክስታችሁ ልጅ በቴሌግራም የላካቸውን አትሰርዙ። ፌሮው ሲታሰር፣ ሙሌቱ ሲሞላ፣ ቱቦው ሲቀበር የተነሳ አንድ ደብዛዛ ፎቶ ግድግዳ ከማፍረስ ያድናል። ዛሬ ቤት እያሠራችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ስልኩን ለጠባቂው ስጡና የሚሸፈን ነገር ሁሉ ከመሸፈኑ በፊት፣ ሜትሮ አጠገቡ ተዘርግቶ፣ ይነሳ በሉት።

በፍተሻው ቀን፦ ከመሬት ጀምሩ

ብዙ ሰው ከበርና ከቀለም ይጀምራል። እናንተ ከውጭ፣ ከአፈሩ ጀምሩ። ጎጃም ላይ ትልቁ የቤት ጠላት ዋልካ ነው። ከደጀን እስከ ቢቸና ያለውን ጥቁር አፈር የማያውቅ የለም፤ ባሕር ዳር ዙሪያም ሞልቷል። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ። በላዩ ያለው ቤት አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል፤ ችግሩ ደግሞ ሁሉም ጥግ እኩል አይነሳም፣ እኩል አይወርድም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ “ዋልካው ምን ያህል ተቆርጦ ወጣ? በምን ተተካ?” ነው። ተቆርጦ ገረጋንቲ (ጠጠራማ አፈር) ከተሞላ ገረጋንቲው በስስ በስሱ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል እየተደረገ፣ ውሃ እየጠጣ መጠቅጠቅ ነበረበት። አንድ ሲኖትራክ ገልብጠው ላዩን በእግር ረግጠው ከሄዱ ወለሉ ቆይቶ ይሰምጣል። ይህንን የምታውቁበት ቀላል ምልክት አለ፦ ዞኮሎውና (ከግድግዳው ግርጌ የሚለጠፈው ጠባብ ንጣፍ) ወለሉ የሚገናኙበትን መስመር በባትሪ እያበራችሁ ዙሩ። ክፍተት ካለ፣ በተለይ መሃል ላይ ከፍቶ ጥግ ላይ የሚጠብ ከሆነ፣ ወለሉ መውረድ ጀምሯል።

ቀጥሎ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እዩ። በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው የሲሚንቶ ንጣፍ ሊኖር ይገባል፤ ተዳፋቱም ወደ ውጭ። ከአሸንዳ የሚወርደው ቱቦ መሠረቱ ስር የሚያፈስ ከሆነ ዋልካውን በየቀኑ እያጠጣችሁት ነው። የጎረቤት ግቢ ከእናንተ ከፍ ይል እንደሆነም እዩ፤ ሰውየው ሜዳውን ሲሚንቶ ያስነጠፈ ዕለት ጎርፉ እናንተ ጋ ነው። ባሕር ዛፍም አትርሱ። ጥግ ላይ የቆሙት ባሕር ዛፎች ከመሬቱ ውሃ እየመጠጡ አፈሩን በአንድ በኩል ያደርቁታል፤ ግድግዳው በዚያ ጥግ ይሰነጠቃል። ለአጥር ያማሩ ናቸው፣ ለዋልካ ላይ ቤት ግን ጎረቤት አይሁኑ።

እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ የምትሠሩ አፈራችሁ ቀይ ነው፣ ይህ ጭንቀት ይቀልላችኋል። የእናንተ ጭንቀት ዝናቡ ነውና ጣሪያው ላይ በደንብ አንብቡ።

ግድግዳና ኮለን

ስንጥቅ ሁሉ አያስደነግጥም። ልስን ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚበተነው ቀጭን ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ልስኑ ቶሎ ስለደረቀ፣ ውሃ ስላልተረጨ የመጣ ነው፤ ያስጠላል እንጂ ቤት አይጥልም። የሚያስፈራው ከመስኮትና ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣው፣ ወይም የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚሄደው ነው። መለኪያ ከሌላችሁ የኤቲኤም ካርድ አውጡ። ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ጠርዙ ስንጥቁ ውስጥ ከገባ ለመሐንዲሱ አሳዩት፣ በስቱኮ እንዲሸፈንም አትፍቀዱ። ስንጥቁ ላይ ትንሽ ጅብሰም ለጥፋችሁ ቀኑን በእርሳስ ጻፉበት፤ ጅብሰሙ ከተሰበረ ግድግዳው አሁንም እየሄደ ነው ማለት ነው። ዋልካ ላይ ከሆነ በበጋ የሰፋው በክረምት ሊገጥም ይችላል። ገጠመ ብላችሁ ዳነ አትበሉ።

ኮለንና ቢም ላይ መሐንዲሱ በመዶሻ ቀስ እያለ ይመታል፤ ባዶ ድምጽ የሚሰጠው ቦታ አርማታው በቫይብሬተር ስላልተመታ ውስጡ ተቦርቡሮ በልስን የተሸፈነ ሊሆን ይችላል። ሽሚት ሀመር የሚባለው መሣሪያ ካለው ይበልጥ ጥሩ፤ ላዩ ላይ በመግጨት የአርማታውን ጥንካሬ ይገምታል። ግምት ነው፤ ከላቦራቶሪ ምርመራ እኩል አይደለም። አርማታ የታቀደለትን ጥንካሬ የሚለካበት ዕድሜ 28 ቀን ነው፣ የመጀመሪያዎቹን 7 ቀናት ደግሞ ውሃ መጠጣት አለበት። ባለቤቱን “ስንት ቀን ውሃ አጠጣችሁት?” ብላችሁ ጠይቁ። “ኧረ ዝናብ ነበር” የሚለው መልስ በየካቲት ለፈሰሰ ሶሌታ (የወለል ወይም የጣሪያ አርማታ) አይሠራም።

ቱንቢና ውሃ ልክ ያዙና ሁለት ሦስት ግድግዳ ለኩ። ትንሽ መዝመም የትም አለ። ኮለን ከዘመመ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ጣሪያ

እዚህ ላይ ነው ኮርኒስ ውስጥ መግባት የሚመጣው። ቀን፣ ፀሐይ ባለበት ሰዓት ይግባ፣ ባትሪውን ያጥፋ። ከቆርቆሮው በኩል ብርሃን የሚያስገባ ነጥብ ሁሉ ውሃ ያስገባል። ከዚያ ባትሪውን አብርቶ እንጨቱን ይይ። የእኛ ጣሪያ እንጨቱ ብዙውን ጊዜ ባሕር ዛፍ ነው፤ ርጥቡን ተቆርጦ በሳምንቱ የተሰቀለ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ምስማሩን ይለቃል፣ ቆርቆሮውንም ያዛባል። ልጡ ሳይላጥ የተሰቀለ ካለ ደግሞ ከልጡ ስር ነፍሳት ይፈለፈሉበታል። ማገሩ ከግድግዳው ጋር በሽቦ ወይም በብረት ታስሯል ወይስ እንዲያው ተቀምጧል? የመጋቢት ነፋስ ቆርቆሮ ሲያነሳ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ አይዘልም።

የቆርቆሮው ጌጅ (የውፍረት መለያው) ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 28 የተባለላችሁ 35 ሆኖ እንዳይገኝ ደረሰኙን እዩ፣ ትራፊ ቁራጭ ካለም ይለካ። ደብረ ማርቆስ በረዶ የሚመታው ጣሪያ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

አሁን ደግሞ ፋሽኑ ጣሪያውን በፓራፔት፣ ማለትም ከጣሪያው በላይ ከፍ ብሎ በሚሠራ ግድግዳ፣ መደበቅ ነው። ከመንገድ ሲታይ ያምራል፣ እውነት ነው። ግን ውሃው ሁሉ ከግድግዳው ጀርባ ባለ ጠባብ አሸንዳ ይሰበሰባል፤ አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠልና አንድ ፌስታል ከደፈኑት የሚሄድበት ስለሌለ ወደ ሳሎን ይመጣል። እኔን ብትጠይቁኝ የጎጃም ክረምት ላለበት አገር ክፈፉ የወጣ ተራ ጣሪያ ይበልጣል። ፓራፔቱን ከወደዳችሁት ግን አሸንዳው ሰፊ ይሁን፣ መውረጃው ከአንድ በላይ ይሁን፣ ውሃ ሲሞላ ወደ ውጭ የሚተፋበት ቀዳዳም ይኑረው።

በጋ ከሆነ ጎማ ስቡና ከላይ ወደ ታች ግማሽ ሰዓት ያህል አጠጡት፤ አንድ ሰው ኮርኒስ ውስጥ ሆኖ ይጠብቅ። ከታች ወደ ላይ አትርጩ፣ ዝናብ እንደዚያ አይዘንብም፤ የሌለ ጥፋት ታገኛላችሁ።

ውሃና ፍሳሽ

ማታ ሮቶውን ሙሉ፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዝጉ፣ የሽንት ቤቱን ሙሌት ጨርሱ፣ ከከተማው መስመር የሚመጣውንም ዝጉ። የውሃውን ልክ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ጠዋት ከወረደ የሆነ ቦታ ግድግዳ ውስጥ ይፈሳል። ከዚያ የከተማው ውሃ በሙሉ ግፊቱ የሚመጣበትን ሰዓት፣ ብዙ ቦታ ሌሊት ነው፣ ጠብቃችሁ መገጣጠሚያዎቹን ዳስሱ።

የሻወሩን ማፍሰሻ በጨርቅ ድፈኑና ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ውሃ አቁሙ፤ አንድ ቀን ይደር። ከስር ክፍል ካለ ኮርኒሱን እዩ፣ ከሌለ ከጀርባ ያለውን ግድግዳ። ከዚያ ክፈቱትና ውሃው ጥግ ላይ ሳይቀር መሄዱን እዩ።

የፍሳሽ መስመሩ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት። ማንሆሎቹ ሁሉ ይከፈቱ፤ በሲሚንቶ የታሸገ ማንሆል ካለ ለምን እንደታሸገ ይነገራችሁ። ከሲንክና ከሻወር ሽታ ከመጣ ሳይፎን (ውሃ አቁሮ ሽታ የሚያግደው ጠማማ ቱቦ) የለም ወይም ደርቋል። ጣና ዳር፣ ውሃው ቅርብ በሆነበት ሰፈር፣ ሴፕቲክ ታንኩ (የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ) ክረምት ላይ ራሱ በከርሰ ምድር ውሃ ሊሞላ ይችላል፤ ውስጡ ተለስኖ ውሃ እንዳያስገባና እንዳያስወጣ መደረጉን ጠይቁ። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ በጉድጓዱና በታንኩ መካከል ቢያንስ 15 ሜትር ይሁን፤ በሰፋ ቁጥር ይሻላል። የጎረቤታችሁንም ታንክ ቁጠሩ፣ ቆሻሻ አጥር አያውቅም።

ኤሌክትሪክ

ቦርዱን ኤሌክትሪሺያኑ ይክፈት፣ እናንተ እጃችሁን አታስገቡ። የምትጠይቁት ግን ይኸው፦ ምጣዱ ለብቻው መስመር አለው? የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ያህል ነው። ከሶኬቶች ጋር በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከተጋራ ብሬከሩ ይወርዳል። ያኔ አንዱ “ብልህ” መጥቶ ብሬከሩን በባለ 32 አምፒር ይቀይረዋል፤ ብሬከሩ አይወርድም፣ ሽቦው ግን ግድግዳ ውስጥ ይግላል። እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው። ለምጣድ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑረው።

ቀጥሎ ኧርዙ (ወደ መሬት የሚወርደው የደህንነት መስመር)። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ስላለው ብቻ ኧርዝ አለ አትበሉ፤ ሦስተኛው ባዶውን የተቀመጠ ሞልቷል። በመሣሪያ ይለካ፣ ግቢ ውስጥ የተቀበረው ዘንግም በዓይን ይታይ። ሻወር ላይ የውሃ ማሞቂያ ላለው ቤት የሚሾልከው ኤሌክትሪክ 30 ሚሊ አምፒር ሲደርስ የሚቆርጥ መከላከያ አስገጥሙ፤ ከሁሉም ወጪ ቀድሞ የሚመጣ ነው።

መጨረሻ ላይ ምጣዱን፣ ምድጃውን፣ ማሞቂያውን አንድ ላይ አብሩና ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። የሚሞቅ ሶኬት፣ የሚሸት ፕላስቲክ፣ የሚንጣጣ ማብሪያ ካለ ይወጣል።

በርና መስኮት ክፈቱ ዝጉ፣ ቁልፉን ሞክሩ፣ ሴራሚኩን በሳንቲም እያንኳኳችሁ ባዶ የሚጮኸውን ምልክት አድርጉ። ይኸው ነው።

ሪፖርቱንና ገንዘቡን አያይዙ

ሪፖርቱ በሦስት ይከፈል፦ ሳይስተካከል የማይገባበት፣ እስከ ክረምት የሚስተካከል፣ ውበት ብቻ የሆነ። ሦስተኛውን ይዛችሁ ከግንበኛው ጋር አትጣሉ፤ ጉልበታችሁን ለመጀመሪያው አስቀምጡ። ከዚያ ግንበኛውን ጥሩት፣ መሐንዲሱ ባለበት አብራችሁ ዙሩ። ብዙ ጊዜ “ጋሼ፣ ይቺ ምን አላት፣ በአንድ ቀን እጨርሳታለሁ” ይላል። ጥሩ፣ ቀኑን ይጻፍና ይፈርም።

ርክክቡን ለሁለት ክፈሉት። ጊዜያዊ ርክክብ አሁን፣ የመጨረሻው አንድ ሙሉ ክረምት ካለፈ በኋላ። ከጠቅላላ ክፍያው የተወሰነውን፣ እኔ ከ5 እስከ 10 በመቶ እላለሁ፣ እስከዚያ ያዙት፤ ይህ ግን ከመጀመሪያው ውሉ ላይ መኖር አለበት፣ ሥራ ካለቀ በኋላ የሚነሳ መያዣ ጠብ ነው የሚሆነው። ግንበኛው ካጉረመረመ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 3039 አሳዩት። የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ደህንነትና ጥንካሬ ዋስ ነው ይላል። ይህንን ለመጠየቅ ግን ማን ምን እንደሠራ የሚያሳይ የጽሑፍ ውል ያስፈልጋል፤ እጁን በቃል በቁርጥ ለአምስት ሰው የሰጠ ሰው ማንን ይከሳል? በርክክቡ ቀን በዓይን የሚታየውን ጉድለትም በጽሑፍ አስፍሩ፣ ዝም ብላችሁ ከፈረማችሁ በኋላ መከራከሩ ይከብዳል።

መስከረም ሲጠባ ያንኑ መሐንዲስ ጥሩት። ጅብሰሞቹን፣ ዞኮሎውን፣ ኮርኒሱን፣ ማንሆሎቹን ድጋሚ ይይ፤ ይህ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ያነሰ ሰዓት ስለሚወስድ ዋጋውን ከመጀመሪያው ጋር አብራችሁ ተደራደሩ። የያዛችሁትን ብር የምትለቁት የእሱ ሁለተኛ ወረቀት እጃችሁ ሲገባ ነው።